እናቴ «እግሬን ሊቆርጡኝ ነው» ብላ አልሄድም አለች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ስኳር ከተገኘባት 14 ዓመት ሆኗታል። እግሯ ይደነዝዛታል፤ ማታ ማታ ደግሞ ያቃጥለኛል ትላለች። ውስጥ እግሯ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ መጅ አውጥታለች። እሱን በምላጭ እየላገች በሙቅ ውሃና በጨው ትዘፈዝፈዋለች። ባለፈው ሳምንት ሳየው መጁ መሐል ጠቆር ያለ ነጥብ አለ። «አያመኝም» ትላለች። የቤተሰብ ሐኪማችን የእግር ሐኪም (ፖዲያትሪስት) ጋ ሪፈር ጽፎላታል። እሷ ግን «እግሬን ሊቆርጡኝ ነው» ብላ እምቢ አለች። ለመሆኑ እነዚህ ሐኪሞች ምንድን ነው የሚሠሩት? እውነት መሄድ ያስፈልጋታል ወይስ ትንሽ እንጠብቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አትጠብቁ። ነገ ጠዋት ክሊኒኩ እንደተከፈተ ደውዪ። ስትደውዪም እንዲህ በዪ፦ «ስኳር አለባቸው፣ እግራቸው ይደነዝዛል፣ መጁ ሥር ደም የመሰለ ጥቁር ነጥብ አይቻለሁ።» ቀጠሮ የምትሰጠው ልጅ ይህን ስትሰማ ጉዳዩ ጥፍር ማስቆረጥ ብቻ እንዳልሆነ ይገባታል። ቀኑን ካራዘሙብሽ ደግሞ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ራሱ እንዲደውልላችሁ ጠይቂ።

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገርሽ። መጅ ዝም ብሎ የደረቀ ቆዳ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ጫና ሲበዛ ቆዳው ራሱን ለመከላከል ይወፍራል። ከወፈረ በኋላ ግን እሱ ራሱ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይሆናል። በተራመዱ ቁጥር ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይደቁሰዋል። ሥጋው ይደማል። ደሙ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይቀርና ይጠቁራል። ያየሽው ነጥብ እሱ ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዴ መጁን ስናነሳው ከሥሩ የተከፈተ ቁስል እናገኛለን። ከላይ ግን ምንም አይታይም ነበር።

«አያመኝም» ማለታቸው ነው ደግሞ እኔን የሚያስፈራኝ። ጤነኛ እግር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እናትሽ ሲራመዱ ያነክሱ ነበር። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ማታ ማታ የሚያቃጥላቸውም ያው የተጎዳው ነርቭ ነው። እግር በአንድ በኩል እየተቃጠለ በሌላ በኩል ምስማር ቢወጋው ላይሰማው ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ይህ ግራ ይገባዋል። «ያቃጥለኛል ካለች ይሰማታል ማለት ነው» ይላሉ። አይደለም።

አንድ ኡበር የሚነዳ ታካሚ ነበረኝ። ለተለመደ ምርመራ መጥቶ ጫማውን ሲያወልቅ ከውስጡ ትንሽ የፕላስቲክ ጎማ ዱብ አለች። የልጁ መጫወቻ መኪና ጎማ ነበረች። ከንጋት ጀምሮ አብራው ውላለች። ካልሲው ደም ነክቶታል። ሰውየው ጎማዋን ከመሬት አንስቶ ዝም ብሎ አያት። እግሩ እንደደነዘዘ ያን ቀን ነው ያወቀው።

ይህን ነገር ለሕክምናው ዓለም ያስተማረው የሥጋ ደዌ ነው። ፖል ብራንድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ሕንድ አገር ቬሎር ከተማ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ በሽታው ራሱ ጣትን እየበላ የሚጥል ይመስለው ነበር። እሱ ግን ሕሙማኑ ስሜት ስላጡ ሳያውቁት እየተቃጠሉ፣ እየተወጉ፣ ቁስል ላይ እየተራመዱ እንደሚጎዱ አሳየ። በኋላ ወደ አሜሪካ መጥቶ ሉዊዚያና ውስጥ ካርቪል በሚገኘው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሠራ። ዛሬ ለደነዘዘ የስኳር እግር የምናደርገው ብዙው ነገር የተቀዳው ከዚያ ሥራ ነው። ሕመም ጠባቂ ነው። ጠባቂው ሲሄድ በዓይን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። የእኛ የእግር ሐኪሞች ዋናው ሥራ ይሄ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ፍርሃት ልምጣ። ፍርሃታቸውን አትናቂባቸው። አገር ቤት ሳሉ ጎረቤት ወይም ዘመድ ሐኪም ቤት ሄዶ እግሩን ተቆርጦ ሲመለስ አይተው ይሆናል። እውነት ነው፣ ይሆናል። ግን አብዛኞቹ የሄዱት መቼ ነበር? ጣቱ ከጠቆረ፣ ሽታ ካመጣ በኋላ ነበር። በስኳር ምክንያት እግራቸው ከሚቆረጥ 100 ሰዎች ወደ 85 የሚሆኑት ነገሩ የጀመራቸው በቁስል ነው። ያ ቁስል ደግሞ ብዙ ጊዜ የጀመረው እንደ እናትሽ ባለ መጅ፣ በጠበበ ጫማ ወይም በምላጭ ጭረት ነው። ስለዚህ እንዲህ በያቸው፦ «እማ፣ እነዚህ ሰዎች ጋ የምንሄደው እንዳይቆረጥ ነው።»

ፖዲያትሪስት ማለት የእግር ሐኪም ነው፤ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ወደ ታች ያለውን ሁሉ ያያል። እዚህ አሜሪካ ከኮሌጅ በኋላ አራት ዓመት የእግር ሕክምና ትምህርት ይማራል። ከዚያ ሦስት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ይሠለጥናል። መድኃኒት ያዝዛል፣ ራጅ ያነባል፣ ቀዶ ሕክምናም ይሠራል። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ፣ እዚያ ያለው ፖዲያትሪስት በዚሁ ሙያ በዲግሪ የተመረቀ የተመዘገበ ባለሙያ ነው። ከጥፍር ያለፈ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱት ብቻ ናቸው። ፔዲኪዩር ቤት ከዚህ ጋር አይገናኝም። እግሩ የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ ፔዲኪዩር ቤት ሄዶ ተረከዙን በምላጭ እንዲያስልግ አልመክርም።

ቀጠሮው ቀን ምን እንደሚሆን ልንገርሽ፤ እናትሽ ካወቁት ፍርሃቱ ይቀላቸዋል። ሐኪሙ መጀመሪያ ሁለቱንም ጫማና ካልሲ ያስወልቃል። «የሚያመኝ ቀኙ ነው» ቢሉም ሁለቱንም ነው። ጫማውን ገልብጦ ሶሉ የት እንዳለቀ ያያል፤ እጁን አስገብቶ ውስጡን ይዳስሳል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቆ መሐላቸውን ይመለከታል። በእጁ ጀርባ የሁለቱን እግር ሙቀት ያነጻጽራል። ከዚያ የደም ሥር ትርታ ይፈልጋል። አንዱ የእግር ጀርባ ላይ ነው። ሌላው ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ነው።

ቀጥሎ ትንሽ የናይለን ክር ያወጣል። ጥርስ መቦረሻ ላይ ያለውን ፀጉር ይመስላል፣ ትንሽ ወፈር ይላል። ቆዳ ላይ ሲጫኑት በ10 ግራም ጫና ይጎብጣል። እናትሽ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ክሩ በነካቸው ቁጥር «አዎ» ይላሉ። አይወጋም፣ አያምም። ሐኪሙ አውራ ጣቱን ይነካል፤ «አዎ» የለም። ከጣቱ ሥር ይነካል፤ አሁንም ዝም። ተረከዙ አጠገብ ሲደርስ «አዎ» ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የሚያይ ልጅ ሁሉ ያኔ ነው የሚደነግጠው። እናቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ፤ ክሩ ደግሞ እግራቸው ላይ ጎብጦ ቆሟል።

ከዚያ መጁን ይልጋል። ሐኪሙ ስለት ሲያነሳ እናትሽ ሊደነግጡ ይችላሉ፤ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የሚነሳው የሞተ ቆዳ ነው፤ በስሱ፣ ንብርብሩ አንድ በአንድ እየተገፈፈ ነው የሚወርደው። ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልገውም። ብዙ ሰው ሲነሳ «ቀለለኝ» ይላል። ሥሩ ጤነኛ ቆዳ ከሆነ፣ ጫናውን የሚያነሳ የጫማ ውስጥ ምንጣፍ ይታዘዛል፣ ክትትሉም ይቀጥላል። ቁስል ከተገኘ ግን ዋናው ሕክምና ቅባት አይደለም። ቁስሉ ላይ አለመርገጥ ነው። ለዚህ እስከ ጉልበት የሚደርስ ልዩ ቡት ወይም ጄሶ ይደረጋል። ቤት ውስጥም፣ ሽንት ቤት ሲሄዱም አይወልቅም። ሰው በጣም የሚታገለን እዚህ ላይ ነው። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው ያወለቅሁት» ይላሉ። የአንድ ደቂቃው እርምጃ የሳምንቱን ድካም መልሶ ሊቀድደው ይችላል።

የደም ሥሩ ትርታ ደካማ ከሆነ የክንድና የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ተለክቶ የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ይካፈላል። ውጤቱ 0.9 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ወደ እግር የሚወርደው የደም ሥር ጠቧል ማለት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ላይ ግን የደም ሥሩ ስለሚደድር ቁጥሩ ጤነኛ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ያኔ የእግር ጣት የደም ግፊት ይለካል። ደም የማይደርሰው ቁስል አይድንምና ወደ ደም ሥር ሐኪም መላኩም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

በየስንት ጊዜው ይታዩ? ስሜቱም ትርታውም ደህና የሆነ የስኳር ሕመምተኛ በዓመት አንዴ ይበቃዋል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ በየ6 ወሩ እስከ 12 ወሩ ነው። ሁለቱም ከጎደሉ፣ ወይም ከአንዱ ጋር የጣት ወይም የአጥንት መጣመም ካለ በየ3 እስከ 6 ወሩ። ከዚህ በፊት ቁስል የነበረበት ሰው ደግሞ በየ1 እስከ 3 ወሩ መታየት አለበት። እናትሽ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ካላቸውና መደንዘዙ በምርመራ ከተረጋገጠ በየ6 ወሩ የእግር ምርመራ ይሸፈንላቸዋል። መመዘኛውን ካሟሉ በዓመት አንድ ጥንድ ልዩ ጫማና ሦስት ጥንድ ምንጣፍም ያገኛሉ። ብዙ አበሻ ይህን መብቱን አያውቀውም። ጠይቁ።

ስለ ሙቅ ውሃውና ስለ ጨው ልናገር። እናቶቻችን ሲደክማቸው እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር ማድረጋቸው አብሮን የኖረ ልማድ ነው። ለሚሰማ እግር ምንም አይለውም። የማይሰማ እግር ግን ውሃው ለብ ያለ ይሁን የፈላ አያውቅም። የተቀቀለ እግር አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ውሃው ደስ ብሎት ተቀምጦ ነበር። መዘፍዘፍ ደግሞ ቆዳውን ያረጥበዋል፣ ሲደርቅ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ አለቅልቆ መታጠብ፣ መዘፍዘፍ የለም። ውሃውን በክርናቸው ይሞክሩት፤ ወይ አንቺ ሞክሪላቸው። በጣቶቹ መሐል በደንብ ይድረቅ። አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርጉ ወላጆች ያሏችሁም ይህን ልብ በሉ፤ የጣት መሐል እርጥበት ፈንገስ ይወዳል። ቫዝሊን ተረከዙና ውስጥ እግሩ ላይ ይቀባ፤ ጣት መሐል ግን አይገባም። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ቁስል ወይም ፈንገስ ላይ ማሰርም ይቅር። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል። ውኃ ቋጥሮ፣ ቆዳው ተገፎ የመጣ እግር ከአንድ ጊዜ በላይ አክሜያለሁ።

ቤተ ክርስቲያንም አለ። እናትሽ የሚያስቀድሱ ከሆነ ጫማ አውልቆ ለሰዓታት መቆም አለ። ተዉ አልልም። ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚሆን ወፍራም፣ ንጹሕ፣ ስፌቱ የማይቆረቁር ካልሲ ግዢላቸው። ነጭ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ደም ቢነካው ወዲያው ይታያል። ጫማቸውን መኪና ውስጥ ሳይሆን በሩ ላይ ያውልቁ። በሐምሌ ፀሐይ የጋለ የመኪና ማቆሚያ አስፋልት የደነዘዘን እግር ያቃጥላል። ሲደክማቸው ይቀመጡ። ቤት ሲገቡ ውስጥ እግራቸውን እዪላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ የምልሽ አለ። እግሩ የደነዘዘ ሰው አንዱ እግሩ ድንገት ቀልቶ፣ አብጦ፣ ከሌላኛው ይልቅ ሞቆ ከተገኘ፣ ቁስል ባይኖርም ባያምም፣ ያን ዕለቱኑ ይታይ። ሻርኮ እግር የሚባል ነገር አለ። አጥንቶቹ ውስጥ ለውስጥ ይሰባበራሉ፤ ሰውየው ግን እየተራመደባቸው ነው። ብዙ ጊዜ «ወለምታ ነው»፣ «ሪህ ነው»፣ «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ ይታለፋል። መጀመሪያ ላይ ራጁም ደህና ሊመስል ይችላል። በጊዜ ጄሶ ከተደረገለት እግሩ ቅርጹን ይዞ ይድናል። ሳምንታት ካለፉት ውስጥ እግሩ እንደ ጀልባ ታች ይጎብጣል፤ የጎበጠው ቦታ ደግሞ ይቆስላል። ታሺው፣ ወጌሻ ያሽላት የሚል ምክር ከሰማሽ አትቀበዪ።

ስኳር የሌለባችሁ አንባቢዎችም መቼ መሄድ እንዳለባችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጠዋት ከአልጋ ስትነሱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ተረከዛችሁን የሚወጉ ከሆነ፣ ውስጥ እግርን የሚደግፈው ጅማት ተቆጥቷል። ባትና ተረከዝን ማሳሳብ፣ ተረከዙን የሚደግፍ ጫማ ማድረግ አብዛኛውን ሰው ያሽለዋል፤ ግን ወራት ይፈልጋል። ከጥቂት ሳምንት በላይ ካልለቀቃችሁ ኑ። ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር ቀልቶ መግል ከያዘ ኑ፤ ጣቱ ደንዝዞ የገባው ጠርዝ ብቻ ይወጣል፣ ሥሩ ተመልሶ እንዳያበቅል መድኃኒት ይደረግበታል፣ በእግራችሁ ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። የወፈረና ቢጫ የሆነ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም። የፈንገስ መድኃኒቱ 12 ሳምንት የሚዋጥና በጉበት በኩልም የሚታሰብበት ስለሆነ መጀመሪያ ናሙና ይመርመር። ከዳኑ በኋላም ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ሲራመዱ ባት ቁርጥ አድርጎ ይዞ ሲቆሙ የሚለቅ ሕመም ደግሞ የደም ሥር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አታቆዩት።

ውስጥ እግር ላይ ወይም ጥፍር ሥር እያደገ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ወይም መስመርም እንዲሁ። በእኛ ዓይነት ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ፀሐይ የማያገኘውን ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሊን የገደለው ይህ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የእግር ጣቱ ጥፍር ሥር ተገኘበት፤ በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ አረፈ። ጥቁር ጥፍር ሁሉ ካንሰር ነው ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። ግን የሚሰፋ ከሆነ ባለሙያ ይየው። የእናትሽን ነጥብም ሐኪሙ መጁን አንስቶ ሲያየው ይህን ጭምር ይለያል።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ፣ ፖዲያትሪስት የሚል ታፔላ ፈልጋችሁ ላታገኙ ትችላላችሁ። ሥራው ግን በተለያዩ ባለሙያዎች እጅ አለ። የስኳር ክትትል ክሊኒክ ያላችሁ በየቀጠሮው ካልሲያችሁን አውልቃችሁ «እግሬን እዩልኝ» በሉ። አጥንትና መገጣጠሚያ ከሆነ የአጥንት ሐኪም፣ ቆዳና ጥፍር ከሆነ የቆዳ ሐኪም ያያል። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው፤ የደነዘዘ እግርን የመንከባከብ ትልቅ ልምድ አለው። በባዶ እግር ቀይ አፈር እየረገጡ በሚኖሩ ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት አለ። ከትንኝ የማይመጣው ዓይነት መነሻው አፈሩ ነው። እርግማንም ተላላፊም አይደለም። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሰዋል። ይህን እያወቅን ሰው ከሰርግና ከለቅሶ ሲገለል ማየት እኔን እስከ ዛሬ ያመኛል።

ወደ እናትሽ እንመለስ። እስከ ቀጠሮው ድረስ ምላጩም ዝፍዘፋውም ይቁም። መጁ ሳይነካ ሐኪሙ ይየው። ቤት ውስጥ በባዶ እግር አይሂዱ። አዘውትረው የሚያደርጉትን ጫማ፣ የቤቱን ሰንደል ጭምር፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። የመድኃኒታቸውን ዝርዝርና የመጨረሻውን የስኳር ምርመራ ውጤትም ያዢ። ቀጠሮ ስታስይዢ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጠው የጤና መድን) የሚቀበሉ ተቋማት በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። አንቺ ብትኖሪም አስተርጓሚ ጥሩ ነው። እናቶች ልጃቸው እንዳትጨነቅ ብለው የሚደብቁት ነገር አለ።

ከቀጠሮው በፊት ግን ትኩሳት ከያዛቸው፣ ብርድ ብርድ ካላቸው፣ መጁ ዙሪያ ቀልቶ መቅላቱ ከሰፋ፣ መግል ወይም ሽታ ካመጣ፣ ጣት ከጠቆረ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ወይም ስኳራቸው ያለ ምክንያት ሽቅብ ከወጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። እዚያም ስትደርሱ ሁለቱንም ካልሲ አንቺው አውልቂላቸው።